ስለ ካቢኔቱ ቁልፍና ስለ አባቴ ቀብር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አለምብርሃን፣
በኮሌጃችን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጉዳይ ዳይሬክተር፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ድሬዳዋ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ደህና መሰንበቱን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የግንቦት ሙቀት እንደ እኛ ያለውን ተራ ሰው እንደፈለገው ቢያደርገውም እርስዎን ግን እንዳይደፍርዎ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው እንዲመችዎ፣ የሻይዎ ሰዓትም በማንም ሰው ሞት እንዳይስተጓጎል ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ።

ስሜ ሀናድ ዒሴ ይባላል። ስሜን ባያስታውሱት ፊቴን ያውቁታል። ሳቢያን መንገድ ላይ በቆመው ትልቅ ሰሌዳ «ዓለም ወደ እኛ መጥቷል» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ የራሴ ያልሆነ ላፕቶፕ ታቅፌ የምስቀው ልጅ እኔ ነኝ። ዓለም የተባልኩት እኔ የመጣሁት ከጅቡቲ፣ ከአሊ ሳቢህ ነው፤ በማለዳ ከድሬዳዋ የተነሣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ከተማ። አባቴ ዒሴ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው፤ የምድር ባቡር ሥራ ወስዶት አሊ ሳቢህ አገባ፣ ወለደ፣ ቀረ። የመጀመሪያ ልጁን ለትምህርት ወዴት ልላከው ሲል ግን አላመነታም፤ ድሬ እንግዳ የሚባል አታውቅም ብሎ ወደዚህ ላከኝ። የእርስዎን ጽሕፈት ቤት አያውቀውም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ገልጬ የጻፍኩት ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። መመሪያው ቅሬታ በአስተያየት መስጫ ሳጥን ይቅረብ ስለሚል ሦስት ጊዜ በሳጥኑ አቅርቤ ነበር። ሳጥኑ ከሞላ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁን ወረቀት ሲያስገቡበት ሌላ ወረቀት ይተፋል። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በመመሪያው እንደታዘዘው በአማርኛና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እግረ መንገዴንም ስለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።

1ኛ. ስለ ማደሪያችን። የአባቴ እህት፣ እኔ በሶማሊኛ ኤዶ ፋዱማ የምላት፣ ቤቷ መጋላ ነው፤ ከኮሌጁ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አባቴ የላከኝም ከእርሷ ጋር እንድኖር ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን የውጭ ተማሪ ከአክስቱ ጋር ከኖረ የውጭነቱ ይቀንሳል ብሎ ሰግቶ ይመስለኛል፣ ለደኅንነትህ ሲባል ብሎ «ዓለም አቀፍ ማደሪያ» አስገባኝ። ስለ ደኅንነቴ አመሰግናለሁ። ውኃ የሚመጣልን ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ገላዬን የምታጠበው ዓርብ ዓርብ ኤዶ ፋዱማ ቤት ነው። መጸዳጃ ቤት ሁለት አለን። አንደኛው «ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ብቻ» የሚል የሚያምር ሰሌዳ የተለጠፈበት ሲሆን በጣም ንጹሕ ነው ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ስለሚውል ያየው የለም፤ ቁልፉ የመዝገብ ቤት ኃላፊው የአቶ ክፍሌ ኪስ ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ክፍት የሆነውም በር ስለሌለው ነው። እዚያ የሚንጋጋውን ትልና ወለሉ ላይ የሚጠብቀንን ሌላ ነገር በዝርዝር ልጽፍ ጀምሬ፣ ደብዳቤዬ ምናልባት ምሳ ሲቀርብ ይደርስዎ ይሆናል በሚል ተውኩት። እርስዎ ስለ እኛ ምሳ እንደዚህ ተጨንቀው እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

2ኛ. ስለ ባህል ትውውቅ። በመጣሁ ሳምንት አራታችንን የውጭ ተማሪዎች አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ ሰባቱ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ከፊታችን በሰልፍ ተቀምጣችሁ፣ ድሬዳዋ ሙቀት ስላለባት ውኃ መጠጣት እንደሚያስፈልግ ግማሽ ቀን አስተማራችሁን። ከአሊ ሳቢህ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ እውቀት ነበር። ከዚያም በዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቀን የአገሬን ልብስ ለብሼ እንድታይ ስለታዘዝኩ ሽርጥ አገለደምኩ። ጋዜጠኛው ፎቶ አነሣኝ፤ እርስዎም የሽርጡን አስተሣሠር እንደ ብርቅ ነገር እየዞሩ ተመለከቱልኝ። ያን ሰዓት ከግቢው አጥር ውጭ በቀትር ከቤቱ በራፍ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ ያንኑ ሽርጥ ለብሶ ነበር። የአገርህን ምግብ አቅርብ ስባልም ድሬ ሁሉ ለቁርስ የሚበላውን ፈጢራ ከመጋላ ገዝቼ ሳህን ላይ አደረግሁ፤ «የውጭ ምግብ» የሚል ወረቀት ተሰካበት። ፈጢራውን የሸጡልኝ እናት ይህን ብነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። በእኔ ምክንያት አንድ ሰው እንኳ ስለሳቀ ለዚህም አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ካፌው ምግብ ልጽፍ ነበር። ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ካለው ጋር ሳስተያየው ያሳፍረኛል።

4ኛ. ስለ ፓስፖርቴ። የጽሕፈት ቤትዎ ደንብ የውጭ ተማሪ ፓስፖርት በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል ይላል። ምክንያቱን በጠየቅሁ ጊዜ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የሰው ሰነድ በጎርፍ ስለሚወሰድ ነው ተባልኩ። ጎርፉ ከወንዙ ተነሥቶ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥቶ የእኔን ፓስፖርት ብቻ ለይቶ እንዳይወስድ ላደረጋችሁልኝ ጥንቃቄ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ፓስፖርቶቹ የተቀመጡበት የብረት ካቢኔት ሁለት ቁልፍ አለው። ዋናው በአቶ ክፍሌ ኪስ ነው። ትርፉ ቁልፍ ደግሞ እንዳይጠፋ ተብሎ እዚያው ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበታል። ይህን ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እናንተ ግን አትቀልዱም።

ያለፈው ወር ሐሙስ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታናሽ ወንድሜ ጦልሃ ደወለ። አባታችን የሱብሒን ሶላት ሰግዶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሞቷል። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ ቶሎ መቅበር ለሟቹ ክብር ነው። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ሊቀብሩት ሲሉ የበኩር ልጁ ሳይደርስ፣ በእጁ ወደ መቃብር ሳያወርደው አይሆንም ብለው እስከ አስር ሶላት፣ ማለትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሊጠብቁኝ ተስማሙ። በዚያ ሙቀት ሬሳ ማቆየት ምን እንደሆነ ለአሊ ሳቢህ ሰው አይነገረውም። ለእኔ ሲሉ አቆዩት። ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ብሳፈር እደርስ ነበር። የጎደለኝ ፓስፖርቴ ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ቆሜያለሁ። ጸሐፊዎ ቢታንያ ነገሩን ስነግራት አብራኝ አለቀሰች፤ ደጋግ ሰው ከየትም አይጠፋም። ከዚያ እያለቀሰች ቅጹን ሰጠችኝ። የቅጹ ስም «የቤተሰብ ኀዘን ፈቃድ መጠየቂያ» ይባላል። ጉዳዩ ከመድረሱ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ መቅረብ አለበት፤ የሞት ማስረጃ ይያያዝበታል፤ የአገር ውስጥ ተጠሪ ይፈርምበታል፤ በመጨረሻ እርስዎ ያጸድቁታል። የአባቴን ሞት ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሜ ባለማሳወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባቴም በበኩሉ ሳያሳውቀኝ ነው የሄደው።

እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርእስ የዘንድሮው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቀን ዝግጅት እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ቢታንያ ደፍራ ወረቀት ይዛ ገባችና፣ ከሻይ በኋላ ይታያል የሚል መልስ ይዛ ወጣች። ሻዩ ረጅም ነበር። በሦስት ሰዓት ኤዶ ፋዱማ ተጠሪዬ ስለሆነች ልትፈርም መጣች፤ ወንድሟ ሞቶባት፣ ነጠላ ጫማዋ ግራና ቀኙ የተለያየ፣ ደቻቱን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አግዳሚው ላይ እንድትቆይ ተደረገ። እርስዎ ከስብሰባው ሲወጡ ተነሥታ ክንድዎን ያዘችና በዚህች ከተማ ሰው ለሰው እንደሚያወራው አዋራችዎት፤ «አንተዬ፣ ወንድሜ ሞቶብኛል፣ ልጁን ልቀቅልኝ በናትህ» አለችዎት። ድሬ ውስጥ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ሼሁም «አንተ» ነው የሚባለው፤ የሚባለውም በፍቅር ነው። እርስዎ ክንድዎን አላቅቀው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአክብሮት መናገር እንዳለባት አስተማሯት። ኤዶ ፋዱማ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ይቅርታ ጠየቀችዎት።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፈረሙ። ፊርማዎ ያምራል። አቶ ክፍሌ ግን አምስት ሰዓት ላይ ለምሳና ለጫት በርጫ ወጥቷል፤ ቁልፉም አብሮት ወጥቷል። በስልክ ስናገኘው ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን አስታውሶ አጽናናኝና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ነገረኝ። ጥበቃው ዛኪር የብረት ዘንግ ይዞ መጣ፤ አቦ ፍቀድልኝ፣ በአንድ ምት እከፍትልሃለሁ አለኝ። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ ካቢኔቱ በንብረት መዝገብ የተመዘገበ የኮሌጁ ሀብት መሆኑን አሳሰቡን። አጎቴ ደግሞ ከአሊ ሳቢህ ደወለ፤ ወረቀቱን ተወው፣ ፍየል ጠባቂዎቹ በሚሻገሩበት በእግርህ ና፣ እኔ ድንበሩ ላይ በመኪና እጠብቅሃለሁ አለኝ። የፈረምኩት የደንብ አንቀጽ ያለ ፓስፖርት ድንበር የተሻገረ ተማሪ ይሰናበታል ይላል። አባቴ ደግሞ እንድመረቅ ነበር የሚፈልገው። ዛኪርን ዘንጉን መልስ አልኩት፤ አጎቴን እምቢ አልኩት፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

አቶ ክፍሌ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው፤ ጉንጩ እንደተወጠረ፣ ፊቱ ደስ ብሎት። ካቢኔቱን ሲከፍት ትርፉ ቁልፍ ልክ ፓስፖርቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰነዱን ከመረከቤ በፊት በመዝገብ በሦስት ቅጂ መፈረም ነበረብኝ። ያን ጊዜ ጦልሃ ደወለ። ከዚህ በላይ ማቆየት አልቻሉም፤ ሬሳው ፊት ቆመዋል። ቢያንስ ስማው ብሎ ስልኩን ክፍት አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። የአባቴን የጀናዛ ሶላት የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በግራ እጄ ስልክ በጆሮዬ፣ በቀኝ እጄ የእናንተ እስክሪብቶ። ተክቢራው፣ «አላሁ አክበር» የሚባለው፣ አራት ጊዜ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አቶ ክፍሌ እዚህም ጋ ፈርም አለኝ። ፈረምኩ።

ወደ መናኸሪያ ስሄድ ባጃጇ በሰሌዳው ሥር አለፈች፤ ከላይ ሆኜ ላፕቶፑን ታቅፌ በራሴ ላይ እስቅ ነበር። ደወሌ ስደርስ ድንበሩ ተዘግቷል። በማግስቱ ማለዳ መቃብሩ ጋ ደረስኩ። አፈሩ ላይ ያፈሰሱት ውኃ ደርቆ ነበር። አባቴን ወደ ጉድጓዱ ያወረደው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ስሙን ጠይቄ አመሰገንኩት። ያ ምስጋና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነተኛው ነው።

5ኛ. ስለ ሐዘን መግለጫችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቅዳሜ ዕለት የኮሌጁ የፌስቡክ ገጽ «የዓለም አቀፍ ተማሪያችን ኀዘን ኀዘናችን ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣ። የተጠቀማችሁት ፎቶ ያንኑ የሰሌዳውን ነው፤ በአባቴ ሞት እየሳቅሁ ነው የወጣሁት። ከሥሩም የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ መጀመሩንና የምትገኙበትን ስልክ ጽፋችኋል። አባቴ በሕይወቱ ምድር ባቡርን እንጂ ሌላ ድርጅት አገልግሎ አያውቅም ነበር፤ በሞቱ ኮሌጁን እንዲያገለግል ስላደረጋችሁት ቤተሰባችን ኮርቷል። እናቴ ጽሑፉን ተርጉምልኝ ብላኝ፣ አዝነዋል ይላል አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ከግድግዳው ጥግ አስመለሰኝ።

6ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው። የሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ስመለስ፣ የተፈቀደልኝ አንድ ቀን ሆኖ ሳለ አራት ቀን በመቅረቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከእርሱ ጋር ሁለተኛ ወረቀት አለ፤ ፓስፖርቴን እስከ መጪው ዓርብ ካቢኔቱ ውስጥ ካልመለስኩ ለመጨረሻው መንፈቅ ዓመት እንደማልመዘገብ ይገልጻል። ይህኛው ወረቀት ቶሎ ነው የደረሰኝ። ስትፈልጉ መፍጠን እንደምትችሉ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ክቡር ዳይሬክተር፤ እስካሁን የተቆጣሁት በእርስዎ ላይ ይመስልዎት ይሆናል። በእርስዎ ላይማ ምን እቆጣለሁ፤ እርስዎ ደንብዎን ነው የጠበቁት። የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ሰው ነው። የሚያቅለሸልሸኝ ያን ሐሙስ ከአንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከአርባ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀት ባቀበሉት ቁጥር እሺ፣ አመሰግናለሁ ሲል የዋለው ልጅ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት እንደ እርሱ ያለውን ነው። ዘንግ የያዘ ሰው አጠገቡ ቆሞ ፍቀድልኝ እያለው መልሰው ያለ፣ በእግር የሚኬድ መንገድ እያለው የደንብ አንቀጽ ያስታወሰ፣ በአባቱ ሶላት መካከል ፈርም ሲባል የፈረመ። ትሕትናን በጣም በደንብ አስተማራችሁኝ። ሌላ ትምህርት እንደዚህ ገብቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ በዚሁ በተማርኩት ትሕትና አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ፓስፖርቴ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አይወጣም። ዓርብ ይመጣል፤ ያልፋል። አንድ መንፈቅ ዓመት ቀርቶኛል፤ አባቴም የምመረቅበትን ቀን ለማየት እንዴት ይጓጓ እንደነበር፣ ከለቅሶው ወዲህ የማድረው እርሷ ቤት ነውና፣ ኤዶ ፋዱማ በየምሽቱ ትነግረኛለች። ካልመዘገባችሁኝ አልመረቅም ማለት ነው፤ ይህን አውቄ ነው የምጽፈው። ነገር ግን እናቴ ገና በሕይወት አለች። የምትኖረውም አሊ ሳቢህ ነው።

ቢሮዎ እንደቀዘቀዘ፣ ሻይዎ እንደሞቀ፣ ካቢኔትዎም በንብረት መዝገቡ ላይ እንደተከበረ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ጎርፍም አቶ ክፍሌም እንዳይደርስበት ሳቢያን መንገድ ላይ ከፎቶዬ ሥር መለጠፌን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከማይናወጥ ትሕትና ጋር፣
የእርስዎ ዓለም፣
ሀናድ ዒሴ
መጋላ፣ ኤዶ ፋዱማ ቤት

ግልባጭ፦
ለቢታንያ፣ ስላለቀሰች
ለዛኪር፣ ከነዘንጉ

ማስታወሻ፦ ለወደፊቱ እንዲያገለግለኝ ተብሎ ከማስጠንቀቂያው ጋር የተላከልኝን አዲስ የኀዘን ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ባዶውን መልሼልዎታለሁ። ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬ ለእናቴ ደውዬ ነበር፤ ስልኩን እንዳነሣች በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ የሞቷን ቀን መጠየቅ አልቻልኩም።